ሳሎኑ ውስጥ ሌላ ሰው የለም እንዴ?

ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከአስኮ እስከ ቤተል፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ስለ ፅንስ ማቋረጥ ወሬ ከተነሳ መቋጫው አንድ ነው። «ቴሌቪዥኑ ምን ይሠራል? ለሳሙናና ለዘይት ሲለፍፍ ይውላል፤ ስለ ሕይወት በማስታወቂያ ቢነገር እነዚህ ልጆች ባላስወረዱ ነበር።» ከቅዳሴ የተመለሰውም፣ ከጁምዓ የተመለሰውም፣ ከእሑድ አምልኮ የወጣውም በዚህ ይስማማል። ሰፈሩ እንዲህ በአንድ አፍ የሚናገርበት ርዕስ ብዙ አይደለም። በሃይማኖት ቻናሎች መሰበኩ አይበቃም፤ ከዜና በፊት፣ ከድራማ መሀል፣ ሠላሳ ሰከንድ ሆኖ፣ በሙዚቃ ታጅቦ፣ እንደ ማንኛውም ማስታወቂያ በየሳሎኑ ይግባልን ነው የሚባለው።

ይህ አስተያየት ስህተት ነው ብዬ ነው የተነሳሁት። ከስህተቱም የሚብሰው ምቾቱ ነው። ለሁላችንም እጅግ ይመቸናል።

ሆኖም ክርክሩ ደካማ እንዳልሆነ ልመስክር። «ማስታወቂያ ሰው አይለውጥም» ብሎ መነሳት አያዋጣም። መንግሥት ራሱ እንደሚለውጥ ያምናል፤ ባያምን ኖሮ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ባላስወጣ። የሕይወት ትረስትንና የሴንሴሽን ኮንዶምን ማስታወቂያ እየሰማ ያደገው ትውልድ ዛሬ እሱ ልጅ እያሳደገ ነው። ታዲያ አንዲት እናት «ስለ መከላከያው ሲወራ አንገታችንን ደፍተን ሰምተናል፤ ስለ ፅንሱ ሲሆን ዝም በሉ የምንባለው ለምንድን ነው?» ብትል መልስ ይገባታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ሲሰጥ «ከዚህ ርዕስ በቀር» አላለም።

የማስታወቂያው ደጋፊዎች ቁጥርም አላቸው። ጉትማከር ኢንስቲትዩትና አይፓስ ባካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ 620 ሺህ ገደማ ፅንሶች እንደተቋረጡ ተገምቷል፤ በ2008 ግምቱ 382 ሺህ ገደማ ነበር። አገር አቀፉ አማካይ ከ1,000 ሴቶች 28 ሲሆን የአዲስ አበባው 92 ነበር። «ሕጉ ከላላ ወዲህ ይኸው በዛ፤ ተይ የሚል ድምፅ የለም» የሚሉት ይህንን ይዘው ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ከሁሉም የሚከብደውን ይጨምራሉ፦ ሌሊት ብቻዋን የተጨነቀች አንዲት ልጅ፣ ከሺህ አንዷ፣ ያንን ሠላሳ ሰከንድ አይታ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል። አንድ ነፍስ ከዳነ ማስታወቂያው ማንን ይጎዳል?

ክርክሩ በሙሉ ጉልበቱ ይህ ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር፤ በጣም የሚተማመኑበት እሱ ነውና። የአሜሪካው ፒው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 98 ከመቶው ሃይማኖት በሕይወታቸው እጅግ አስፈላጊ እንደሆነ ተናግረዋል። በጥናቱ ከተካተቱት አገሮች ሁሉ ትልቁ ቁጥር ነው። እንዲህ ባለ አገር፣ ያውም በድምፅ ማጉያ ስብከትና አዛን በሚነቃ ከተማ፣ አንዲት የኮልፌ ልጅ ማስወረድ ኃጢአት መሆኑን ሳትሰማ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት ብሎ ማን ያምናል? ከአያቷ ሰምታለች። ከንስሐ አባቷ፣ ከኡስታዟ፣ ከመጋቢዋ ሰምታለች። ጓደኛዋ ላይ ሲወራ ሰምታለች፤ እሱ ከስብከቱ ሁሉ የበለጠ ሳያስፈራት አይቀርም። መልእክቱ ደርሷል፤ ደርሶም ነው 92 የሆነው። ለአገልግሎት ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ሴቶች በቁጥሩ ውስጥ አሉ ቢባል እንኳ፣ እነሱም ያደጉት ሃይማኖት በሌለበት አገር አይደለም። የደረሰን መልእክት በተሻለ ካሜራ መድገም ያልሰማ ሰው ላለበት ቦታ ነው የሚጠቅመው።

የጉትማከርና የአይፓስ ጥናት ሌላ ቁጥር ደግሞ አለ፤ ቡና ላይ ግን አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከተቋረጡት ፅንሶች በጤና ተቋም የተቋረጡት 27 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2014 ወደ 53 ከመቶ ደርሰዋል። የቀሩት የት ተቋረጡ? ማንም በማያይበት፣ ምን እንደሆነ በማይታወቅ ኪኒንና ሥር። ቁጥር እንጥቀስ ከተባለ ሁለቱንም እንጥቀስ።

ማስታወቂያ ይሠራል የሚለውን ተቀብያለሁ። መቼ ነው የሚሠራው? የሚያስተዋውቀው ነገር ሱቅ ውስጥ ሲገኝ ነው። ኮንዶሙ በቴሌቪዥን ሲተዋወቅ ኪዮስክ ውስጥ ከማስቲካው ጎን ተቀምጦ ነበር። ካገቡ ሴቶች መሀል የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ2000 8 ከመቶ ነበሩ፤ በ2016 36 ከመቶ ሆኑ። ይህ በስብከት ብቻ የመጣ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መርፌውን ይዛ ደጃፍ ድረስ ስለሄደች ጭምር ነው። የቢራውም ማስታወቂያ የተከለከለው ቢራው በየመንገዱ ስላለ ነው። «ልጅሽን ውለጂ» የሚለው ማስታወቂያስ ሱቁ የት ነው? ልጅቷ ማታ አይታ፣ አልቅሳ፣ «እሺ» ብትል፣ ጠዋት የማንን በር ታንኳኳ?

እስቲ በዚሁ በክፍለ ከተማችን እንከተላት። በደላላ የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት እንበል፤ እንዲህ ያለች ልጅ የሌለችበት ሰፈር ኮልፌ ውስጥ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለእሷ ግን አይሰጥም። የግል አገልግሎት ቅጥርን አዋጁ ከወሰኑ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ስለዚህ ሆዷ የታየ ዕለት ዕጣዋን የሚወስነው አዋጅ ሳይሆን የእትዬ ቀልብ ነው። እትዬ ደግሞ ክፉ መሆን አያስፈልጋትም። «ሕፃን ያለበት ቤት ሥራ አይሠራም፤ ጎረቤት ምን ይለኛል?» ማለት ይበቃታል። ደመወዝ ይቆጠራል፣ ፌስታል ይታሰራል፣ አለቀ።

ከዚያ ቤት መከራየት አለ። ታይዋን፣ ሎሚ ሜዳ፣ ዓለም ባንክ፣ የፈለገችበት ትሂድ፤ አከራዩ ስለ ኪራዩ ከመናገሩ በፊት «ልጅ አለሽ?» ይላታል። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ፈልጋ የማታውቅ ሴት ብቻ ናት ይህን ጥያቄ የማታውቀው። ውሃው፣ መብራቱ፣ ልብሱ፣ ጩኸቱ ሁሉ ሕፃኑ ላይ ይላከካል። አገር ቤት ልመለስ ብትል፣ «ሠርታ ታልፍልናለች» ብሎ የሸኛት አባት ፊት መቆም አለ። ተማሪ ከሆነች ክፍሏ ውስጥ ሹክሹክታው ይጀምራል፤ ማንም ውጪ ሳይላት በራሷ ጊዜ ትቀራለች።

ለማሳደጊያ ልስጠው ብትልስ? ከአሜሪካ ተቀድቶ በሚመጣው ክርክር ውስጥ ሁልጊዜ ይህ መውጫ አለ፦ ውለጂና ለሚፈልግ ስጪ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ተዘግቷል። እንዲከፈት እየጠየቅሁ አይደለም፤ የተዘጋበት ምክንያት ነበረው። ከተማ አስተዳደሩም እዚሁ ኮልፌ ውስጥ ከፍ ላሉ ወንዶች ልጆች ማሳደጊያ አለው። ግን ማሳደጊያ የሚቀበለው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው፤ የዘጠኙን ወር መኝታና ምግብ አይሰጥም። አባትየውስ? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አባትነት በፍርድ ቤት የሚረጋገጥበትን መንገድ ከፍቷል። ማስረጃና ምስክር፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የታክሲ ገንዘብ የሚጠይቅ መንገድ። ፌስታል ይዛ የወጣች ልጅ ይህን መንገድ እንድትሄድ የሚጠብቅ፣ አንድ ቀን ቀጠሮ ይዞ ፍርድ ቤት ተመላልሶ የማያውቅ ሰው ነው።

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እያለ የሚተርት ሕዝብ ላላገባች ነፍሰ ጡር ስንት ዋጋ እንዳወጣላት ያውቀዋል። የወንጀል ሕጉ እንኳ አውቆታል። የ1996ቱ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ወንጀል ካደረገ በኋላ፣ በአንቀጽ 550 ድርጊቱ በከባድ ድህነት ምክንያት የተፈጸመ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀልል ያዝዛል። ቅጣት የሚጽፍ ሕግ አውጪ ድህነቱ ታይቶት ብዕሩን ያዝ አድርጓል። ሕይወትን እወዳለሁ የሚለው ማስታወቂያ ግን አይታየውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እኛ ዘንድ ቴሌቪዥን የሚታየው በጋራ ነው። ስልክ ለብቻ ይታያል፤ ቴሌቪዥን የሳሎን ነው። ጋሼ ሶፋው ላይ አሉ። እትዬ አጠገባቸው አለች። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ አለ፣ ለጥየቃ የመጣች ዘመድ አለች፤ ሠራተኛዋ ሰሃን ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ በግማሽ ዓይኗ ታያለች። ያ የሚመኙት ማስታወቂያ መጣ እንበል፦ የልብ ምት፣ የሕፃን ድምፅ፣ «እማዬ፣ አትግደይኝ» የሚል ጽሑፍ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? አምስት። ማስታወቂያው ያናገረው ስንቱን ነው? አንዷን፣ የቆመችውን። የተቀመጡት አራቱ ምስክር ሆነው አይተዋል። ጋሼ ከንፈራቸውን መጠጡ። እትዬ ዞር ብላ «ይኸውልሽ፣ ስሚ» አለች። ልጁ ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ግን የዚያችን ልጅ እርግዝና ማቆየትም ማፍረስም የሚችለው ሥልጣን ከአምስቱ በማን እጅ ነው? እትዬ «እዚሁ ትወልጃለሽ፣ ክፍልሽ አይነካም» ብትል ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ጋሼ «የሆስፒታሉን እኔ አለሁ» ቢሉ ሌላ ይሆን ነበር። እርግዝናው ከዚያው ቤት ከሆነስ? ያቀረቀረው ልጅ የሚያውቀው ነገር ካለስ? ይህን ወሬ ሰምቶ የማያውቅ የኮልፌ ነዋሪ ካለ እጁን ያውጣ። ማስታወቂያው እነዚህን ሰዎች ሁሉ በነፃ ያሰናብታቸዋል። ይባስ ብሎ ይመርቃቸዋል፤ ስለ ሕይወት አብረው አዝነዋልና። ምቹ ያልኩት ይህንን ነው። አራት ሰው ያባረራትን ልጅ፣ አራቱ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ብቻዋን ገዳይ ማድረግ።

«አንድ ነፍስ ከዳነ ማንን ይጎዳል?» ወደሚለው ልመለስ። ይጎዳል። ይህን መንገድ ሄደንበት አይተነዋል። ኤች አይ ቪ በመጣበት ሰሞን ያስተማርነው በአፅምና በራስ ቅል ሥዕል ነበር። ዓላማው ቅን ነበር፤ ሰዉ ፈርቶ ይጠንቀቅ ነው። ሰዉም ፈራ። ከቫይረሱ ይበልጥ ግን ሰውየውን ፈራ። ቤት ተከለከለ፣ ብርጭቆ ተለየ፣ ቀብር ላይ ምክንያቱ በሹክሹክታ ሆነ። የተጠረጠረ ሰው ምርመራን እንደ ፍርድ ቤት ሸሸ። መመርመር ትርጉም ያገኘው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ነው፤ «ብሄድ የማገኘው ነገር አለ» ማለት ሲቻል። ራስ ቅሉ ያላመጣውን ሰው ኪኒኑ አመጣው።

ከዚያም በፊት የሆነውን ለማወቅ ከክፍለ ከተማችን መውጣት አያስፈልግም። ዘነበወርቅ አለ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች ከየአገሩ ተገፍተው፣ ከርስትም ከዘመድም ተነቅለው ዛሬ አለርት ሆስፒታል ባለበት ዙሪያ ሰፈሩ። ማግለሉ ደዌውን አጠፋው? ሕመምተኛው ጣቱ እስኪጎዳ፣ ዓይኑ እስኪፈዝ ድረስ እንዲደበቅ አደረገው እንጂ። በሽታውን የገታው መድኃኒትና «ና» የሚል ቦታ ነው። ማሳፈር ያድናል የሚለውን ክርክር ከየትም ብሰማው አይደንቀኝም፤ ከዘነበወርቅ ጎረቤት መስማት ግን ይገርመኛል።

ስለዚህ ልጅቷ ያንን ሠላሳ ሰከንድ አይታ ምን ታደርጋለች? ትደብቃለች። ልብሷን ታሰፋለች፣ ቀን ትቆጥራለች፣ ለማንም አትናገርም። ፍርሃት ዝም ያሰኛል፤ ዝምታ ደግሞ ሳምንት ይበላል። በስድስተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዳ ምክር ማግኘት ትችል የነበረች ልጅ፣ በአምስተኛው ወር የምትሄደው ምስጢር ይጠብቅልኛል ወዳለችው ሰው ነው። ምስጢር መጠበቅና ሕክምና ማወቅ ደግሞ የተለያየ ሙያ ነው። ማስታወቂያው አንዷን አድኖ ይሆናል። ዝም አሰኝቶ የቀበራቸው ግን በቴሌቪዥን አይታዩም።

ሌላው ሕጉ ነው። ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ግልጽ ነውና። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ፅንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፦ እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ ጋር ከተፈጸመ ግንኙነት ሲመጣ፣ የእናትየዋ ወይም የፅንሱ ሕይወት፣ አለዚያም የእናትየዋ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ ልጅቷ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን። አንቀጽ 552 ደግሞ ተደፈርኩ ያለችው ሴት ቃሏ ይበቃል ይላል፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ደፋሪዋን አስይዛ እንድትመጣ አይጠብቃትም። ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ «ወንጀል ነው» የሚል ማስታወቂያ፣ ተደፍራ ያረገዘችን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወንጀለኛ እያላት ነው። ይህ ሐሰት ነው። ሕጉን የማይቀበል ሰው ሕጉ ይቀየር ብሎ ይሟገት፤ መብቱ ነው። ሕጉ የሌለ አስመስሎ ሕፃን ልጅን ማስፈራራት ግን የማንም መብት ሊሆን አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር የሚመጣ ጉዳትን ለመከላከል መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። መረጃ ማለት ደግሞ እውነት መሆን አለበት።

ከውጭ አገር የሚጠቀስልን ብዙውን ጊዜ የተጫዋቹ የቲም ቲቦው ማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ፉትቦል ትልቁ ፍጻሜ፣ በሱፐር ቦውል፣ ፎከስ ኦን ዘ ፋሚሊ የተባለ የክርስቲያን ድርጅት በሲቢኤስ ሠላሳ ሰከንድ ገዛ። የሴቶች መብት ድርጅቶች ገና ሳያዩት ይከልከል ብለው ተነሱ፤ ደጋፊዎች ደግሞ ገና ሳያዩት አጨበጨቡ። ማስታወቂያው ሲመጣ እናትየዋ የልጇን የሕፃንነት ፎቶ ይዛ ስለ እሱ ታወራለች፣ ተጫዋቹ ልጇ መጥቶ በጨዋታ ይጥላታል፣ ይስቃሉ። ፅንስ ማቋረጥ የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ሰው ሁሉ ለዚህ ነው ሳምንት የተጣላነው ብሎ ተያየ።

የእኛ ሰዎች ይህን ሲጠቅሱ አንድ ነገር አያዩም። እናትየዋ ፓም ቲቦው በፊሊፒንስ ያንን አስጊ እርግዝና ስትሸከም ሐኪም አቋርጪው ብሏት ነበር፤ እሷ እምቢ አለች፤ ታሪኩ ይህ ነው። ግን ባሏ አጠገቧ ነበር፣ ከፊቱ የወለደቻቸው ልጆች ነበሯት፣ አብረው የሚጸልዩላት ሰዎች ነበሩ። «ፌስታልሽን ይዘሽ ውጪ» ያላት የለም። ያ ማስታወቂያ ያሳየን በሰው የተደገፈች ሴትን ነው። ድጋፉን ቆርጦ ጥሎ ድፍረቱን ብቻ ወጥ ቤቱ በር ላይ ከቆመችው መጠበቅ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

በሌላ በኩል ማስታወቂያው ይከልከል ከሚሉት ጋርም አልቆምም። ፈረንሳይ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ወጣቶች እንዲህ ዓይነት ልጅ ሊኖራት ለሚችል እናት «ልጅሽ ማቀፍ ይችላል፣ መሥራት ይችላል፣ ደስተኛ መሆን ይችላል» የሚሉበት ቪዲዮ በቴሌቪዥን ታየ። የአገሪቱ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ቻናሎቹን ወቀሰ፤ በሕግ የተፈቀደ ውሳኔ የወሰኑ ሴቶችን ሊያውክ ይችላል ነው ምክንያቱ። ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2016 ወቀሳውን አጸና፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2022 አቤቱታውን ሳይቀበለው ቀረ። የራሱን ደስታ የሚናገር ልጅ ሌላውን ያውካል ተብሎ አፉ መያዙ ለእኔ አሳፋሪ ነው። የእኛ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም ይህን እንዲያደርግ አልፈልግም። ደግሞ ተመልከቱ፤ ያ ቪዲዮ ገዳይ ነሽ አላለም። የማታውቀውን ነገር ነገራት።

ይህን ሁሉ ብዬ «እንግዲህ ይህ ጸሐፊ ማስወረድን ይደግፋል» የሚል አይጠፋም። ይበል። እኔ የምጠይቀው የሕይወት ወዳጅ ነኝ ባዩ ሒሳቡን እስከ መጨረሻ እንዲቆጥር ነው። ፅንሱን ቆጥሮ፣ የልጅቷን ደመወዝ፣ መኝታ፣ አራስ ቤትና የሕፃኑን ወተት የማይቆጥር ሰው የሚወደው ሕይወትን አይደለም፤ ወቀሳን ነው። ሠላሳ ሰከንድ የአየር ሰዓት በነፃ አይገኝም። በዚያ ገንዘብ ስንት ልጅ ቤት ተከራይታ አራስ መሆን እንደምትችል አስልቶ ያውቃል? ምእመኑ ለሕንፃ ሲዋጣ ሚሊዮን ይሞላል። ሜዳ ላይ የተጣለች ነፍሰ ጡር የምታርፍበት አሥር አልጋ ያለው ቤት በየደብሩ፣ በየመስጊዱ፣ በየአዳራሹ ግቢ ለምን አይሠራም? ያን የሚያደርጉ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን ሳይናገሩ የሚያደርጉ። ማስታወቂያ ይሠራልን ሲሉ ግን አልሰማሁም።

ማስታወቂያው የግድ ይሠራ ከተባለ እንዲህ ይሠራ። ሰኞ ለእትዬ ይናገር፦ «ሠራተኛሽ አርግዛለች። አታባርሪያት። አዋጁ ባይሰጣትም አንቺ ስጫት።» ማክሰኞ ለአከራዩ፦ «ልጅ አለሽ ወይ ብለው የመለሷት ሴት ዛሬ የት እንዳደረች ያውቃሉ?» ረቡዕ አገር ቤት ላለው አባት፣ በሚገባው ቋንቋ፦ «ልጅህ ወልዳ ብትመጣ በሩን ክፈትላት።» ሐሙስ ስልኩ ላይ ላቀረቀረው፦ «ያንተ ነው። ታውቀዋለህ። ውጣና ተናገር።» ዓርብ ለሰባኪው፦ «ስለ እሷ ከተናገርከው እኩል ስለ አባትየው የተናገርከው መቼ ነው?» አንዱም ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን አያስፈልግም። የተባለው ሰው ራሱ ያውቃል።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ስፖንሰር ያገኛል? አያገኝም፤ ምክንያቱንም ሁላችንም እናውቃለን። ሳሙናውንና ዘይቱን የምትገዛው እትዬ ናት። ሪል ስቴቱን የሚገዙት ጋሼ ናቸው። ገዢን ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ የሚወቅስ ድርጅት የለም። ሠራተኛዋ ግን ምንም አትገዛም፤ ስለዚህ ያለ ኪሳራ ልትወቀስ ትችላለች። የሕይወት ማስታወቂያ ጣቱን ሁልጊዜ ወደ እሷ የሚቀስረው ከሁሉም በላይ ኃጢአተኛ ስለሆነች አይደለም። ከሁሉም በታች ደንበኛ ስለሆነች ነው።

ስለዚህ አልከለክልም፤ ይኑር። ግን ከሠላሳው ሰከንድ ሃያውን ለተቀመጡት ይናገር። ለቆመችው የቀረው አሥር ሰከንድ ይበቃታል፤ ስክሪኑ ላይ ስልክ ቁጥርና አድራሻ ይጻፍላት፦ ነገ ማታ የት እንደምታድር፣ የሐኪሙን ማን እንደሚከፍል፣ ከወለደች በኋላ ሥራዋን ማን እንደሚጠብቅላት። ይህን መጻፍ ያልቻለ ሰው የአየር ሰዓቱን ለሳሙናው ይተውለት።